ጠጅን ማጣጣም፦ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በአንድ ጋን ዙሪያ

አማርኛ ከወይን ፍሬ የሚገኘውን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ይለዋል። ቃሉን አፋችን ስለለመደው አናስተውለውም እንጂ ብዙ ይናገራል። የባሕር ማዶ ሰው ጠጅ ሲቀምስ «የማር ወይን» ይለዋል፤ የሚያውቀው ወይንን ስለሆነ ማሩንም በወይን ይለካዋል። የእኛ ቋንቋ አስቀድሞ የሚያውቀው ጠጅን ነው። ወይኑ ሲመጣ በጠጅ ስም አስጠግቶ ተቀበለው። ግዕዝ ጠጅን «ሜስ» ይለዋል፣ ትግርኛም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራዋል፣ ኦሮምኛው ደግሞ «ዳዺ» ይለዋል።

ቋንቋው ይህን ያህል ያከበረውን መጠጥ ግን እኛ ጠጪዎቹ ብዙም አንጠይቀውም። ወይን ጠጅ የሚወድ ሰው ጠርሙስ ሲከፈት ፍሬው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የየት አገር አፈር እንዳበቀለው፣ የስንት ዓመት እንደሆነ ይጠይቃል። ጠጅ ቤት ስንገባ የእኛ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ደረቅ ነው ለስላሳ?» ከዚያ ብርሌው ይመጣል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ጠጁም ሳይጠየቅ ያልቃል። በየቤቱ በአንድ ጋን፣ በአንድ ሴት እጅ የሚጣል ጠጅ ከየትኛውም ዝነኛ ወይን ጠጅ ባላነሰ ሊጠየቅ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን ለማስለመድ የታሰበ ነው።

ትምህርቱን የማገኘው ከጉለሌ ነው። ለዚህ ነገር ከጉለሌ የተሻለ ሰፈር አላውቅም። ወደ ላይ ሽሮ ሜዳን አልፎ የሚወጣው መንገድ እንጦጦ ማርያም ያደርሳል። በአዲሱ ገበያ በኩል የሚወጣው ወደ ሱሉልታ፣ ከዚያም ወደ ጎጃም ይወስዳል። በመካከል ቀጨኔ አለች፤ በሸክላ ሥራቸው የታወቁ እናቶች መንደር። ጋኑና እንስራው ከቀጨኔ፣ ማሩ ከላይ ከደጋው፣ ብርዱ ከእንጦጦ። በዚሁ አካባቢ ጠጅ ጥለው ለወዳጅና ለሰፈር ሰው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህም «እማማ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ምልክት የተለጠፈበት ቤት የላቸውም። የሚጥሉት በአንድ ጊዜ አንድ ጋን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የሚጣለው የመጀመሪያው ሲያልቅ ነው።

መጀመሪያ ቤታቸው ስሄድ ጠጅ የሚያቀርቡልኝ መስሎኝ ነበር። እማማ ያቀረቡልኝ አንድ ማንኪያ ማር ነው። «ይኼን ሳታውቅ ያንን ምን ብለህ ታውቀዋለህ ልጄ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የጠጅ ነገር የሚጀምረው ከማር፣ የማር ነገር ደግሞ ከአበባ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ደጋ ዋነኛ የማር ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባና በመጭ ብጫ ከለበሰ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለው ነው። ከበልጉ ዝናብ በኋላ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይም ሁለተኛ ቆረጣ አለ። የአደይ አበባ ወቅት ማር ወርቅ የመሰለ ብጫ ነው፤ ጣዕሙም የዋህ ነው። የግራዋ ማር ጠቆር ይላል፣ መራራነትም ይነካዋል። የብሳና ማርም ከጥቁሮቹ ወገን ነው። በደቡብ ምዕራብ ደን፣ በካፋና በሸካ፣ ንቦች ከገተም ዛፍ የሚቀስሙት ማር ነጭ ነው፣ ሲረጋም እንደ ቅቤ ይሆናል። የትግራይና የላስታ ነጭ ማርማ ስሙን ያልሰማ የለም። እንጦጦን የሸፈነው ባህር ዛፍ ከውጭ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ንብ ግን እንግዳ ነው ብላ አልናቀችውም፤ አበባውን ትወደዋለች። ስለዚህ የዛሬው የተራራው ማር የምኒልክን ዘመን ችግኝ ጣዕም ይዟል ማለት ነው።

ወይን ጠጅ ጠማቂዎች አፈሩ፣ ከፍታው፣ ፀሐዩና ነፋሱ በአንድ ላይ ለፍሬው የሚሰጡትን ጠባይ «ቴሯር» በሚል የፈረንሳይ ቃል ይጠሩታል። የጠጅ ቴሯር አበባው ነው። ንብ ከቀፎዋ ተነስታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ስለምትቀስም፣ በዚያ ዙሪያ የበቀለው ሁሉ ጋኑ ውስጥ ይገባል። የተረጨውም ይገባል። «ኦርጋኒክ» የሚባለው ነገር በጠጅ ላይ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ፀረ ተባይ ከሚረጭበት የአትክልት ማሳ አጠገብ የተሰቀለ ቀፎና ደን ዳር የተሰቀለ ቀፎ አንድ አይደሉም። እንደ እማማ ያሉ ጣዮች የምስክር ወረቀት የላቸውም። ያላቸው ዋስትና ማሩን የሚያመጣላቸውን ንብ አናቢ ለዓመታት ማወቃቸው ነው። ጠጅ ልትገዙ ስትሄዱ «ማሩ ከየት ነው? መቼ ተቆረጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ጣይ ይህ ጥያቄ ደስ ይላታል፤ መልስ የሌላት ግን ወሬ ትቀይራለች።

ማሩ ለጠጅ ሲመጣ እንደ ገበታ ማር የተጣራ አይደለም። ከነሰፈፉ፣ ከነእንጀራው ነው የሚመጣው። በውሃ ይበጠበጣል። ልኩ እንደ ቤቱ ይለያያል፤ ለአንድ እጅ ማር ሦስት፣ አራት ወይም አምስት እጅ ውሃ። ይህ ቁጥር ለቅምሻ ቁልፍ ስለሆነ አብረን እናስላው። አንድ ኪሎ ማር ውስጥ ወደ 800 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ። ማር ከውሃ ስለሚከብድ ኪሎው በመስፈሪያ ሲለካ 0.7 ሊትር አካባቢ ነው። በአራት እጅ ውሃ ሲበጠበጥ 3.5 ሊትር ያህል ብርዝ ይወጣዋል፤ በእያንዳንዱ ሊትር 230 ግራም ገደማ ስኳር አለ ማለት ነው። እርሾ በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲበላ የአልኮሉ መጠን በ1 በመቶ ያድጋል። ስኳሩ በሙሉ ቢበላ ጠጁ 13 በመቶ አካባቢ አልኮል ይኖረዋል፤ ይህም የአንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ጥንካሬ ነው። በአምስት እጅ ውሃ የተጣለው ወደ 11 ይወርዳል። በሦስት እጅ የተጣለው እስከ 16 እና 17 ሊደርስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እዚያ ሳይደርስ ይቆምና ስኳሩ ስለሚተርፍ ይጣፍጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ጣፋጭ ጠጅ ሁሉ ደካማ አይደለም። «ለስላሳ ነው» ብሎ ብርሌ ላይ ብርሌ የሚደርብ ሰው ጣፋጩ የሸፈነውን አልኮል አያየውም፤ ሲነሳ ግን እግሩ ይነግረዋል። ከአዲስ አበባ ጠጅ ቤቶች የተወሰዱ ናሙናዎች በላቦራቶሪ ሲመረመሩ የአልኮል መጠናቸው ከ3 በመቶ በታች የሆኑም፣ ከ20 በመቶ በላይ የሆኑም ተገኝተዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ነው። ሁለተኛው ነገር የዋጋ ነው። በአራት እጅ ውሃ ከተጣለ አንድ ኪሎ ማር፣ ሰፈፉና አምቡላው ሲወጣለት፣ የሚገኘው ጠጅ ሦስት ሊትር ገደማ ነው። የአንድ ኪሎ ማርን የገበያ ዋጋ ለሦስት አካፍሉና የምትከፍሉትን ከዚያ ጋር አስተያዩት። የምትጠጡት ሊትር ከዚያ በታች የሚሸጥ ከሆነ ማሩ ብቻውን ላይሆን ይችላል፤ ስኳር ሳይኖርበት አይቀርም።

የበጠበጡት ማር ጋኑ ውስጥ ይከደናል። ማር ራሱን ችሎ ሲቀመጥ አይፈላም። ውሃው ከ20 በመቶ ስለሚያንስ በውስጡ ያለው እርሾ ታፍኖ ይተኛል። ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ማንም ከውጭ እርሾ አይጨምርበትም፤ ከማሩ፣ ከጌሾው፣ ከጋኑ ግድግዳ የመጣው ይበቃዋል። በብዛት የሚገኘው ዳቦና ወይን ጠጅ የሚያፈላው የእርሾ ዓይነት ነው። ከእርሱ ጋር የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ፤ ጠጅ ምላስ ላይ የሚተወው ቀላል ኮምጣጣነት የእነዚህ ነው። ሰፈፉ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። ከዚያ ጌሾው ይገባል።

ጌሾ በሳይንስ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል፤ በደጋው ጓሮ ሁሉ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ለቢራ ሆፕ ማለት ለጠጅ ጌሾ ማለት ነው፤ ጣፋጩን በመራራ ያስተካክላል። ከመራራ ቅመሞቹ አንዱን ተመራማሪዎች በስሙ «ጌሾይዲን» ብለውታል። ለጠላ የሚበዛው ቅጠሉ ነው። ለጠጅ ብዙዎች የሚመርጡት እንጨቱን ነው፤ ምሬቱ ዘግየት ብሎ የሚመጣና የጠራ ስለሆነ። እማማ እንጨቱን ከትክተው ከብርዙ ቀንሰው ያፈሉትና መልሰው ይጨምሩታል። ከዚያ በየቀኑ ያማስሉታል። ጌሾው ካልወጣ ምሬቱ እየገፋ ይሄዳል። መቼ እንደሚወጣ የሚነግራቸው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ምላሳቸው ነው።

ስለ ቀኑ ከተነሳ፣ የጉለሌ ብርድ እዚህ ሥራ አለው። ቆላ አገር በአምስትና በስድስት ቀን የሚደርስ ጠጅ በእንጦጦ ግርጌ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በሞቃት ቦታ እርሾ እየተጣደፈ ይበላል፤ የማሩ ሽታም ከሚወጣው አየር ጋር አብሮ ይበናል። በብርድ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ሽታውም ይቆያል። የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች ነጩን ወይን ጠጅ ለማቀዝቀዝ የሚደክሙት ለዚሁ ሲሉ ነው። ጉለሌ በተፈጥሮው ከ2,500 ሜትር በላይ የተቀመጠ ጓዳ ነው። የሐምሌን ጠጅና የመጋቢትን ጠጅ ከአንድ ጣይ እጅ ጎን ለጎን ብትቀምሱ ልዩነቱን ታገኙታላችሁ፤ እኔ የሐምሌውን እመርጣለሁ።

ስለ ጋኑም አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ብዙ ጠጅ የሚጣለው በፕላስቲክ በርሜል ነው። ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ለማጠብም ይቀላል። ጣዩን አልወቅስም። የቀጨኔ ሸክላ ግን ትንፋሽ አለው። በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ እንጨት ጢስ ይታጠናል፣ ጢሱም ጠጁ ውስጥ እንደ ሩቅ ትዝታ ይቀራል። በወይን ጠጅ ዓለም የኦክ በርሜል የሚሠራውን ሥራ እዚህ የታጠነው ጋን ይሠራዋል። ያንን ጢስ በመጀመሪያው ጉንጭ ካገኛችሁት በዝቷል። በሦስተኛው ጉንጭ ካገኛችሁት ልክ ነው።

ይህ መጠጥ ሁልጊዜ የሁሉም ሰው አልነበረም። ማር የግብር ዕቃ ነበር። ገበሬው በጉንዶ እየሰፈረ ለገዢው ያገባ ነበር። «ግብር» የሚለው ቃል የሚከፈለውንም የሚበላውንም ድግስ የሚጠራው በከንቱ አይደለም፤ የገባው ማር በአዳራሽ ጠጅ ሆኖ ይወጣ ነበርና። ጠጅ የመኳንንት፣ ጠላ የሕዝቡ መጠጥ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ማርያም ምረቃ ጊዜ ያበሉትን ለቀናት የዘለቀ ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የምኒልክ ታሪክ ውስጥ መዝግበውታል። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከእማማ በር ቆሞ ቀና ላለ ሰው ተራራው ያው ተራራ ነው። አሳላፊው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰውም ከዚያ ዘመን የወረሰው ነው። ያኔ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫ ነበር። ዛሬ እማማም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እሳቸው የሚፈትሹት ግን መድረሱን ነው።

አሁን ወደ ቅምሻው እንግባ።

አመቺው ጊዜ ምሳ ያልተበላበት፣ ቡና ያልተጠጣበት ረፋድ ነው። በርበሬ የነካው ምላስ ለአንድ ሰዓት ያህል ዳኛ መሆን አይችልም። ሁለት ወይም ሦስት ጠጅ ካለ ከደረቁ ጀምራችሁ በለስላሳው ጨርሱ፤ ጣፋጭ ከቀደመ ደረቁ ከልክ በላይ መራራ ይመስላል። በመካከል ውሃና ጥቂት ዳቦ ይበቃል። ጠጁ ቀዝቀዝ ያለ እንጂ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ የበረደ አይሁን፤ ብርድ ሽታን ያስራል፤ ሻጩ ጉድለት ሊደብቅ ከፈለገ የሚያቀዘቅዘውም ለዚህ ነው።

ብርሌ ውብ ዕቃ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ዝንብ አያስገባም፣ በእጅ ሲያዝ ጠጁን ያሞቀዋል፣ ሽታውንም አንገቱ ላይ ሰብስቦ ይይዛል። ለመጠጣት ከብርሌ የሚስተካከል የለም። ለመማር ግን ከብርሌው ግማሹን ወደ ሰፊ ብርጭቆ ገልብጡት፤ አፍንጫ መግቢያ ይፈልጋልና።

ተመልከቱት። የቤት ጠጅ ደመናማ ነው። እርሾው ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ቀለሙ እንደ ማሩ ከጭድ ብጫ እስከ ጠቆር ያለ ብርቱካናማ ይሄዳል። መጠራጠር ያለባችሁ እንደ እንቁላል አስኳል የሚያበራ፣ ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም አንድ ዓይነት የሆነ ብጫ ስታዩ ነው። ማር ከወቅት ወደ ወቅት ቀለሙን ይለውጣል፤ የማይለወጠው ከውጭ የተጨመረ ቀለም ነው።

አሽትቱት። ብርጭቆውን አዙሩት፣ ከዚያ ወደ አፍንጫ አስጠጉት። መጀመሪያ የሚመጣው ማር መሆን አለበት። ከማሩ ኋላ አበባው፣ ሰም፣ ጥቂት ጢስ፣ የጌሾው የእንጨት ሽታ ይከተላሉ። የሊጥ ሽታ ብቻ ከመጣ ጠጁ ገና አልደረሰም፤ ሆድም ይነፋል። ኮምጣጤ አፍንጫ ከወጋ አየር ገብቶበታል፣ ጊዜውም አልፏል። ምንም ሽታ ከሌለ፣ ዝም ብሎ ጣፋጭ ውሃ ከሆነ፣ ስኳር ነው። ስኳር አልኮል ይሆናል፤ አበባ ግን ሊሆን አይችልም።

ቅመሱት። ትንሽ ጉንጭ ይዛችሁ ወዲያው አትዋጡት። እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ምላስ ላይ አዙሩት። ጥሩ ጠጅ በቅደም ተከተል ነው የሚናገረው። ጣፋጩ ይቀድማል፣ ኮምጣጣው ይከተላል፣ ምሬቱ ሲዋጥ ይመጣል። ሦስቱ አንድ ላይ ከጮኹ ጠጁ አልተስማማም። ጣፋጩ ብቻውን ከቆመ ያሰለቻል፤ ሁለተኛውን ጉንጭ አይጋብዝም። ምሬቱ መጥቶ አልሄድ ካለ ጌሾው በዝቷል ወይም ቆይቷል። ውፍረቱንም ልብ በሉ፤ ማር የበዛበት ምላስን እንደ ጥሩ መረቅ ይሸፍነዋል፣ የቀጠነው እንደ ውሃ ያልፋል።

ከዋጣችሁ በኋላ ዝም በሉ። እኔ ለረጅም ጊዜ የዘለልኩት ትምህርት ይህ ነበር። እማማ ጋ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ገና እንደዋጥኩ «በጣም ጥሩ ነው» ብዬ ማመስገን ጀመርኩ። በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ዝም አሰኙኝ። ጥቂት ቆይቶ፣ ምሬቱ ከሄደ በኋላ፣ መጀመሪያ በማንኪያ የቀመስኩት ያ ማር ተመልሶ አፌ ውስጥ ቆመ። «አሁን ተናገር» አሉኝ። የሚነገር ብዙም አልነበረኝም። ያ መመለስ ግን ዛሬ ጠጅን የምለይበት ዋናው መለኪያዬ ሆኗል። በስኳር የተጣለ ጠጅ ሲዋጥ አብሮ ይሞታል። በማር የተጣለው ተመልሶ ይመጣል።

ከምግብ ጋር ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ለጥሬ ሥጋና ለአዋዜ ደረቁን ምረጡ፤ ምሬቱ ስቡን ያጥባል። ለዶሮ ወጥ መካከለኛውን፤ የተረፈው ጣፋጭ በርበሬውን ያባብለዋል። ለስላሳውን ደግሞ ከቆሎና ከጨዋታ ጋር ለብቻው። ለማይጠጣ እንግዳ ገና ያልፈላ ብርዝ አለ፤ ከአንድ ማር የወጡ ናቸውና ሁለቱንም አቅርቦ ማነጻጸር ራሱ ትምህርት ነው።

አገራችን የወይን ፍሬ ጠጅም አላት፤ አንባቢ ቅምሻን ከዚያም ሊጀምር ይችላል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት ለብዙ ቤተሰብ የበዓል ትዝታ ናቸው። ካስቴል የተባለው ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚሉ ጠርሙሶችን ለገበያ አውጥቷል። ጠርሙስ አንድ ጥቅም አለው፤ በላዩ ተጽፎበታል። ፍሬውን፣ ዓመቱን፣ የአልኮሉን መጠን አንብባችሁ ከምላሳችሁ ጋር ታመሳክራላችሁ። የእማማ ጋን ጽሑፍ የለውም፤ ሁለት ጊዜም አንድ ዓይነት አይሆንም።

ጽሑፍ ግን ሊኖረው ይችላል ብዬ አስባለሁ። ፖላንዳውያን እንደ እኛ የማር መጠጥ ሕዝብ ናቸው፤ መጠጣቸውን የሚመድቡትም በማርና በውሃ ልክ ነው። ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ የገባበትን «ችቩርኒያክ» ይሉታል፤ በአራት የተከፈለ እንደ ማለት ነው። ውሃው ሁለት እጅ ሲሆን ስሙ ሌላ ነው፣ አንድ እጅ ሲሆንም ሌላ። እነዚህ ስሞች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የባህል ምርት ተብለው ተመዝግበው ተጠብቀዋል። የእኛ «ደረቅ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ» ጥሩ ስሞች ናቸው፤ የሚነግሩን ግን መጨረሻውን እንጂ መነሻውን አይደለም። በየብርሌው ፊት «አንድ ለአራት፣ የኅዳር ማር» የሚል ቃል ቢኖር ስኳር የሚደበቅበት ጥግ ያጣ ነበር። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በሶኖማ የወይን አገር፣ ኢትዮጵያዊው አየለ ሰለሞን «ቢ ዲቫይን» በሚል ስም የማር ወይን ጠጅ በጠርሙስ አሽጎ አቅርቧል፤ ደረቅና ከፊል ጣፋጭ ብሎ ለይቶ። ጌሾ ግን የለበትም። በወይን ብርጭቆ ለሚያውቀው ገበያ ተስማሚ ነው፤ ለእኔ ምላስ ግን ያ በመጨረሻ የሚመጣው ምሬት ሲቀር ጨዋታው ሳያልቅ የተነሳ እንግዳ ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ጋ ስደርስ ጋኑ ባዶ ሆኖ ግቢው ውስጥ በአፉ ተደፍቷል። የአምቡላው ሽታ ገና አለ። ግራዋውን በሁለት እጃቸው እያሹ ውስጡን ያጥቡ ነበር፤ ልጃቸው የወይራውን ፍም በገል ይዛ ከጎን ቆማለች። ባዶ እጄን እንዳልመለስ አንድ ብርሌ ከጓዳ አስቀርተውልኝ ነበር፤ የጋኑ የመጨረሻ፣ በጣም የደረቀ፣ ምሬቱ ያየለ። ደብተሬ ላይ «አንድ ለአራት፤ የኅዳር ማር፤ በሃያ አንድ ቀን የደረሰ» ብዬ ጻፍኩ። እማማ ጋኑን ወደ ፍሙ አዘነበሉት፤ ጢሱ በአፉ ገብቶ ሞላው፣ በቁራጭ ጨርቅም ከደኑት።

«ማሩ ገና አልመጣም» አሉኝ። «የግንቦቱ ሲቆረጥ ማንኪያህን ይዘህ ና።»